ለትንሽ ቢሮ የቀን ብርሃን፦ አምፖል ከመጨመራችሁ በፊት

ባለፈው ጥር አንድ ወዳጄ ቢሮውን እንዳይለት ጠራኝ። "ጨለማ ነው፤ ስንት አምፖል ልጨምር?" የሚል ነበር ጥያቄው። የሄድኩት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውስጥ መጋረጃው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ኮርኒሱ ላይ አራት መብራት ይበራል። ሦስቱ ሠራተኞች ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ግድግዳ ግድግዳ እያዩ ይሠራሉ።

"መጋረጃው ለምን ተዘጋ?" አልኩ።

"ካልተዘጋ ኮምፒውተሩ አይታይማ!"

መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ የሚባል አይደርስበትም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መጋረጃው የተዘጋው ትናንት ከሰዓት፣ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የከፈተው ሰው የለም። ለሁለት ሰዓት ችግር ሲባል ቀኑ ሙሉ ይጨልማል ማለት ነው። ብዙ ትንንሽ ቢሮ ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው። ብርሃን ጠፍቶ አይደለም፤ እኛው ዘግተንበት ነው።

ስለዚህ ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፦ መጋረጃው ሳይዘጋ የሚዋልበት ቢሮ ማዘጋጀት። ምሳሌዬ ያው የወዳጄ ክፍል ነው። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር። አንድ መስኮት አለው፤ ወርዱ 1.80፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ የተከራየ ሰው ይህን ክፍል ሳያውቀው አይቀርም።

አንደኛ፦ መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?

የስልካችሁን ኮምፓስ ክፈቱ። ፊታችሁን ወደ ውጭ አዙራችሁ ቁሙና አቅጣጫውን ጻፉ። ብረት ኮምፓስን ያሳስታል። ስለዚህ ከላሜራ መስኮትና ከካቢኔት ጥቂት ራቅ በሉ።

ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ "በሰሜን መስኮት ፀሐይ አይገባም፤ በደቡብ ግን ዓመቱን ሙሉ ይገባል" የሚል ምክር ይመጣላችኋል። ምክሩ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና ነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ በአናታችን ትቆማለች። በሁለቱ መሀል ባሉት ወራት የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ጅማ ብትሆኑም ነገሩ ብዙ አይለይም። ቀኖቹ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ይላሉ እንጂ።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው?

የሰሜን መስኮት ለቢሮ ምርጡ ነው። ፀሐይ ወደዚያ በምትዞርበት ጊዜ በጣም ከፍ ብላ ነው የምታልፈው፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ ከአድማስ 76 ዲግሪ ያህል። ደግሞም ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ክረምቱ ራሱ መጋረጃ ይሆናል። ትንሽ የምትረብሸው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው።

የደቡብ መስኮት በጋውን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ግን አትፍሩት። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እንኳ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ የምትልበት ጊዜ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ 58 ዲግሪ ያህል ከፍታ አላት። ይህን ያህል ከፍ ያለች ፀሐይ በቀላል ጥላ ትመለሳለች።

ምሥራቅ የጠዋት ነው። የአዲስ አበባን የጥቅምት ጠዋት የሚያውቅ ሰው ያንን ፀሐይ አይጠላም። እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ታገሱት፣ ከዚያ ከፍ ይልላችኋል።

ምዕራብ ነው ጣጣው። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ዝቅ እያለ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። ክፍሉም ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ከዋለ በኋላ ነው የሚመጣው። ገና ቢሮ እየፈለጋችሁ ከሆነ ደላላውን በጠዋት ብቻ አትቀጥሩት። ያንኑ ክፍል ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ እዩት።

ሁለተኛ፦ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ እዩ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። አትዝለሉት።

የክፍሉን ቅርጽ ወረቀት ላይ ንደፉ። በሜትር ለኩት፤ በር፣ መስኮትና ሶኬት የት እንዳሉ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ9 እና በ10 ሰዓት ተኩል ፀሐዩ ወለሉና ግድግዳው ላይ የት እንደሚያርፍ አስምሩ። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ በጠመኔ ማስመር ይቻላል፤ በኋላ ይጸዳል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጥላው ከሰዓታችሁ ጋር አልገጥም ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከዚያ ወንበር ይዛችሁ ሊሠራ በታሰበበት ቦታ ሁሉ ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ከዚህ ሆኜ ሰማይ ይታየኛል? ቁራሽ ሰማይ የሚታይበት ወንበር የቀን ብርሃን አለው። የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ የሚታይበት ወንበር በቀንም መብራት ይፈልጋል። በሦስት ሜትር ርቀት ሌላ ፎቅ ፊታቸው የተገተረባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ እነሱን የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው።

ስንት ብርሃን እንዳለ ለማወቅም መሣሪያ መግዛት አይጠበቅባችሁም። ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርጉና እጃችሁን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። ጥላው ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ ብርሃኑ ኃይለኛ ነው። ደብዘዝ ያለ ግን የእጅ መልክ ያለው ጥላ ለጽሕፈት ሥራ ደህና ነው። ጥላው ጭራሽ ካልታየ እዚያ ሰው አታስቀምጡ።

ቁጥር የሚወድ ሰው ስልኩ ላይ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚለካ አፕ ይጫን። የስልክ ልኬት ትክክል ነው ተብሎ አይማልበትም፤ ቦታን ከቦታ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ለንባብና ለኮምፒውተር ሥራ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ጥሩ ነው። ወዳጄ ቢሮ ውስጥ መጋረጃውን ከፍተን፣ መብራቱን አጥፍተን ለካን። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ላይ 1,400 አካባቢ። የኋላው ግድግዳ ጥግ 70። አንድ ክፍል ውስጥ 20 እጥፍ ልዩነት! የኋላው ሰው ጨለመብኝ ቢል አልተሳሳተም። ክፍሉን ያጨለመበት ግን ከፊት ያለው ድምቀትም ጭምር ነው፤ ዓይን ደማቁን ከለመደ ሌላው ሁሉ ይጠቁርበታል።

ሦስተኛ፦ ብርሃኑ እስከ የት ይደርሳል?

ቀላል ስሌት አለው። ከወለሉ እስከ መስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ከፍታ ለኩና በ2 አባዙት። ጠቃሚ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ያን ያህል ነው፤ ሰማዩ ካልተከለለ ትንሽ ይጨምራል። የወዳጄ መስኮት ላይኛው ጠርዝ 2.10 ሜትር ላይ ነው። በ2 ሲባዛ 4.20። ክፍሉ 5 ሜትር ነው። የመጨረሻው 80 ሴንቲ ሜትር ከጨዋታ ውጭ ነው ማለት ነው።

እዚያ ሸልፉን፣ ፕሪንተሩን፣ የውሃ ማሽኑንና የቡናውን ነገር አድርጉ። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበት ቦታ በሙሉ ከ4 ሜትር ወዲህ ይሁን።

ከስሌቱ ሌላም ነገር ታያላችሁ። የሚጠቅመው የመስኮቱ የላይኛው ክፍል ነው። ኮርኒስ ሲሠራ ወደ ታች ወርዶ የመስኮቱን አናት ከሸፈነ፣ ወይም መጋረጃው እዚያ ጋር ተጨማድዶ ከተከመረ፣ ሩቅ የሚደርሰውን ብርሃን ነው የሚያጠፋው። የመጋረጃውን ብረት ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሙት። ያኔ መጋረጃው ሲከፈት መስታወቱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይሰበሰባል።

አራተኛ፦ ጠረጴዛ

ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቀውና ብዙ የሚለውጠው ይህ ነው።

ስክሪን ለመስኮት ጀርባውንም ፊቱንም መስጠት የለበትም። ሰውየው ጀርባውን ለመስኮት ከሰጠ መስኮቱ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ፊቱን ከሰጠ ደግሞ ከስክሪኑ ኋላ የሚያንጸባርቅ ሰማይ ዓይኑን ይወጋዋል። መፍትሔው ጎን መስጠት ነው። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ግድግዳ ጋር መስቀለኛ ይሁን፤ ብርሃኑ ከጎን ይግባ። በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ፣ ቀኝ ለሆነ ሰው መስኮቱ በግራ ይሁን። የእጁ ጥላ የሚጽፈው ላይ አያርፍበትም።

በዚህ ክፍል ሦስቱን ጠረጴዛዎች በረጃጅሞቹ ግድግዳዎች በኩል አዞርናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ወገን፣ አንዱን በሌላው። የመጀመሪያዎቹን ከመስታወቱ 80 ሴንቲ ሜትር አራቅናቸው። መስኮት ሥር መለጠፍ ጥሩ ይመስላል፣ ግን በበጋ ይጠብሳል፤ ንፋስም ወረቀት ያበትናል።

የአለቃ ጠረጴዛ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ልማዱ ይታወቃል፦ ኃላፊው ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ በሩን እያየ ይቀመጣል። ክብር ያለው ይመስላል። እንግዳው ግን የሚያየው ፊት ሳይሆን ጥቁር ጥላ ነው። በዙምም ያው ነው፤ ካሜራው ከኋላ ያለውን ሰማይ ያያል፣ አለቃውን ያጠቁራል። ጠረጴዛውን ሩብ ዙር ብቻ አዙሩት። በሩም ይታየዋል፣ ፊቱም ይበራል።

አምስተኛ፦ መስታወቱን አስለቅቁ

መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የድርጅት ስም፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ ስልክ ቁጥር፣ ከሥር ደግሞ ጠቆር ያለ ስቲከር። ንጹሕ ነጭ መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን 90 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። ቀለም ያለው ግማሹን ገደማ። ያ እንደ መስታወት ፊት የሚያብረቀርቀው የሕንፃ መስታወት ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከሲሶ በታች የሚያሳልፍ አለ። እሱ ላይ ስቲከር ከጨመራችሁ ምን ተረፈ? ስም የግድ መለጠፍ ካለበት ከታች ይለጠፍ። የላይኛው ግማሽ ነጻ ይሁን።

መስኮት ፊት የቆመ ቁም ሳጥን፣ ደፉ ላይ የተቆለለ ካርቶንና የዶሴ ክምር ይነሱ። አበባ ይቆይ፣ ዝቅ ያለ ከሆነ።

መስታወቱንም እጠቡ። በበጋ፣ በተለይ አካባቢው ግንባታ ካለ፣ አቧራው በወር ውስጥ ይመለሳል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ በውጭ በኩል ያለውን ራሳችሁ ተንጠልጥላችሁ አትሞክሩ፤ ለሕንፃው አስተዳደር ንገሩ።

ስድስተኛ፦ ቀለም

ነጭ ቀለም የሚያርፍበትን ብርሃን 80 በመቶ ያህል መልሶ ይረጨዋል። ፈዘዝ ያለ ክሬም 70 ገደማ። ጥቁር ቡናማ ግን 10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ሌላውን ይበላዋል። ቀለም ሁለተኛው መስኮታችሁ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በድሮ መሥሪያ ቤቶች የለመድነው አቀባብ አለ፤ ከወለል እስከ ደረት ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጣ ያለ። ቆሻሻ እንዳይታይ የተደረገ ነው። ለትንሽ ክፍል ግን ከባድ ቅጣት ነው። ያን የታችኛውን ክፍል ብቻ መቀየር ራሱ ይታወቃል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ኮርኒሱ፤ ንጹሕ ነጭ፣ የማያብለጨልጭ። ቀጥሎ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ያሉት ግድግዳዎች። ከዚያ መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ራሱ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ግድግዳው ጠቆር ካለ ከደማቁ መስኮት ጋር ሲነጻጸር ዓይን ያደክማል፤ ነጭ ከሆነ ልዩነቱ ይለዝባል። የድርጅታችሁን ደማቅ ቀለም የግድ ማሳየት ካለባችሁ የኋላው ግድግዳ ላይ አንድ ጥለት በቂ ነው። የጠረጴዛ ፊትም አይርሳችሁ። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ያምራል፤ ግን መስኮቱን እንደ ኩሬ ያሳያችኋል።

ሰባተኛ፦ ፀሐይን ማስቆም

አሁን ወደ ጣጣው። ብርሃን እንፈልጋለን፤ ቀጥታ ፀሐይን ግን ጠረጴዛ ላይ አንፈልግም።

ለደቡብ መስኮት ሒሳቡ ደግ ነው። 1.20 ሜትር ቁመት ያለውን መስኮት ከታኅሣሥ የእኩለ ቀን ፀሐይ ለመጋረድ ከላዩ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል የወጣ ጥላ ይበቃል። በረንዳ ካለ ሥራው አልቋል። ያንኑ መስኮት ወደ ምዕራብ አዙሩት። በታኅሣሥ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ 28 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ለእሷ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ያስፈልጋል። 11 ሰዓት ላይ ያም አይበቃም። ስለዚህ ለምዕራብና ለምሥራቅ ከላይ የሚወጣ ነገር ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። የሚሠራው ከጎን የቆመ ወይም መስኮቱን የሚሸፍን ነገር ነው።

ተከራይ ውጭ ላይ ምንም መሥራት አይችልም፤ አከራዩም አይፈቅድም። የቀረን ውስጥ ነው። የእኔ ምርጫ ድርብ መጋረጃ ነው፦ አንዱ ስስ ነጭ፣ ሌላው ወፈር ያለ። ስሱ ፀሐዩን ሰባብሮ ለክፍሉ ያድለዋል፤ ለአብዛኛው ቀን እሱ ብቻ በቂ ነው። ወፍራሙ ለዚያች ለሁለት ሰዓት። አቅም ካላችሁ አግድም ዝርግ (ስስ ጠፍጣፋ ቅጠሎች) ያለው ሸተር ከሁለቱም ይሻላል። ዝርጎቹን ወደ ላይ ዘንበል ስታደርጓቸው ብርሃኑን ኮርኒሱ ላይ ይወረውሩታል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ኋላ ይደርሳል። ኮርኒሱን ነጭ ያስቀባኋችሁ ለዚህም ነው። በየቢሮው የሚሰቀለው የቁም ዝርግ ያለው ዓይነት ይህን አይሠራም፤ ፀሐዩን ግን ከጎን ይመልሳል፣ ለምዕራብ አይከፋም።

አንድ የከተማችን ጉድ ልጨምር። የምዕራብ መስኮት ኖሯችሁ በጠዋት ፀሐይ ከገባባችሁ አትደነቁ። ማዶ ያለው የመስታወት ሕንፃ ነው የሚመልስባችሁ። ከሥራችሁ ያለ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያም እንዲሁ ከታች ወደ ላይ ይረጫል። ለቆርቆሮው የመስኮቱን የታችኛውን 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ በነጭ ስቲከር መሸፈን በቂ ነው።

መስኮት ላይ ስለሚገጠም ብርሃን ወርዋሪ መደርደሪያም ታነቡ ይሆናል። የመስኮቱ አናት 2.10 ሜትር ላይ ከሆነ እርሱት። እሱ ለረጃጅም መስኮት ነው።

ስምንተኛ፦ መከፋፈያና መብራት

ክፍሉን በጂፕሰም ወይም በችፑድ መክፈል ካለባችሁ ግድግዳውን ከመስኮቱ ጋር መስቀለኛ አቁሙት፤ ሁለቱም ወገን መስኮት ይድረሰው። ካልሆነ ከ1.20 ሜትር በላይ ያለውን ንጹሕ መስታወት አድርጉት። እስከ ኮርኒስ የተዘጋ መከፋፈያ ከኋላ ያለውን ሰው ዋሻ ውስጥ ያስገባዋል።

መብራት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ማብሪያ ማጥፊያውን አስከፍሉ። መስኮት አጠገብ ያለው ረድፍ ለብቻው፣ የኋላው ረድፍ ለብቻው ይብራ። አንድ ማብሪያ ለሁሉም ከሆነ ለኋላው ሰው ሲባል ሁሉም ይበራል። ኤልኢዲ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 4000 ኬልቪን (የብርሃኑን ቀለም የሚናገር ቁጥር ነው) የሚለውን ፈልጉ፤ ከቀን ብርሃን ጋር አይጣላም። 6500 የሚለው ሰማያዊ ይበዛዋል፣ በክረምት ደመና ውስጥ ደግሞ ክፍሉን ቀዝቃዛ ያስመስለዋል።

ወዳጄ አምፖል አልጨመረም። ስቲከሩን አነሳን፣ የታችኛውን የዘይት ቀለም በነጭ ሸፈንን፣ ጠረጴዛዎቹን አዞርን። የኋላው ጥግ ከ70 ወደ 190 ሉክስ ወጣ። እዚያ አሁን ፕሪንተር ነው ያለው። በቀን የሚበራው የኋላው ረድፍ ብቻ ነው፤ መብራት ሲሄድም ሥራ አይቆምም፣ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ።

አንድ የቀረው ነገር መጋረጃውን የሚከፍት ሰው ነበር። ተነጋገሩበትና ወሰኑ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የከፈተ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቦርሳውን ከማስቀመጡ በፊት መጋረጃውን ይከፍታል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ስሱን ትስባለች፤ ወፍራሙን የምትስበው ፀሐዩ ጠረጴዛዋ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። በክረምት ሁለቱንም አትነካም።